መቶ ጥይት በብርድ

ምህረት ጥይቶቹን አንድ በአንድ ወደ ካዝናው እየገፋች ነበር። አስራ ሁለተኛው ላይ ስትደርስ አውራ ጣቷ ከመደንዘዙ የተነሳ የሌላ ሰው መሰላት። ከሮዝዌል ከተማ በስተሰሜን ያለው የተኩስ መለማመጃ ሜዳ ውርጭ ለብሶ አድሯል።

«ቶሎ በይ እንጂ!» አሉ ጋሽ ጥላዬ ከኋላዋ። «ሌባው እስክታጎርሺ ቆሞ የሚጠብቅሽ መሰለሽ?»

ስኮትዴል ባለችው የሐበሾች ቤተ ክርስቲያናቸው እሁድ እሁድ በር የሚጠብቁት ሦስት ናቸው፦ ጋሽ ጥላዬ፣ የቡድኑ ኃላፊ ፍፁምና ምህረት። የጋሽ ጥላዬ ከባድ ጠመንጃ ትከሻዋን ስለጎዳት፣ ርካሽና ቀላል ካርባይን፣ አጭር ጠመንጃ፣ ፈልጋ ያስገዛችው እሷ ናት። የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌዎችም ጥበቃው ደጅ ስለሆነ በብርድ ቀን ይሞከር አሉ። ጠመንጃው ቀለሃ ነክሶ ሳይቆም መቶ ጥይት ከተኮሰ ምህረት በሩ ላይ ትቀጥላለች፤ ከነከሰ ወደ ሕፃናት ክፍል ትመለሳለች። እዚያ ስምንት ዓመት አገልግላለች። ይበቃኛል ብላለች።

አነጣጥራ ቃታውን ሳበች። አንድ። ሁለት። በሦስተኛው ጠመንጃው ቀለሃውን ነክሶ ቀረ። አስለቅቃ እንደገና አቀባበለች። ሁለት ተኩሶ ደግሞ ነከሰ።

ጋሽ ጥላዬ ሳቁ። «አላልኩም? መጫወቻ ነው! ለሕፃናት ክፍል ይሆናል፤ ተያይዛችሁ ሂዱ።»

ፍፁም የሙከራውን ወረቀት እንደያዘ ጫማውን እያየ «እንግዲህ ፌይል አድርጓል ብዬ ልጻፍ?» አለ።

«እንዳትጽፍ!»

ካዝናውን አወጣች፤ ጥይት አለመቅረቱን በጣቷ ዳስሳ ጠመንጃውን ፈታችው። ውስጡ በቡናማ ቅባት ተለስኗል። ቅባቱም በብርዱ እንደ ሰም ረግቷል። ማን እንደቀባው መጠየቅ አላስፈለጋትም። ሐሙስ ዕለት «እኔ ላጽዳው» ብለው ቤታቸው የወሰዱት ጋሽ ጥላዬ ናቸው።

«ምን ታፈጥጫለሽ?» አሉ። «ምጽዋ ላይ የባሕር ጨው ብረት ሲበላ ሁለት ዓመት ያየሁ ወታደር ነኝ። ጠመንጃ እስኪጠግብ ይቀባል። ልታስተምሪኝ ነው?»

«ምጽዋ ይሞቃል፣ ጋሼ። እዚህ ግን ቅባቱ ረጋ። የነከሰው ጠመንጃው አይደለም፤ የእርስዎ ቅባት ነው።»

ፍፁም ደነገጠ። በዚያች ቤተ ክርስቲያን ጋሽ ጥላዬን ፊት ለፊት ተሳስተዋል ያለ ሰው የለም።

«ስድ! አባትሽ ይህን ቢሰማ!»

«አባቴ መካኒክ ነው። እሱም ይህንኑ ነበር የሚነግርዎት።»

ቅባቱን በወረቀት ፎጣ ጠርጋ፣ ጠርጋ አደረቀችው። አንዲት ጠብታ ቀጭን ዘይት ብቻ ጨምራ ገጠመችው።

«ከአንድ ጀምሪ!» አሉ ጋሽ ጥላዬ። «ያለፈው አይቆጠርም!»

ጀመረች። ካዝናው ባለቀ ቁጥር እየሞላች ተኮሰች፤ እሳቸው በጩኸት ቆጠሩ። «አርባ አንድ! አሁን ይነክሳል። አርባ ሁለት! ጠብቁ!» ሰባ ላይ ድምፃቸው ዝቅ አለ። ሰማንያ ሦስት ላይ አፋቸውን ዘጉ፤ የቀረውን ፍፁም ቆጠረ።

«መቶ» አለና በምስክርነት እንዲፈርሙ ወረቀቱን ለጋሽ ጥላዬ ዘረጋ።

ብዕሩን ነጥቀው ወረቀቱ እስኪበሳ ተጭነው ፈረሙ። «ካንቺ ጋር አንድ በር ላይ አልቆምም!»

«በጓሮ በኩል ሌላ በር አለ፣ ጋሼ።»

ጋሽ ጥላዬ መኪናቸው ውስጥ ገብተው በሩን ደረገሙትና ሄዱ።

«እንዲህ ባትያቸው ጥሩ ነበር» አለ ፍፁም።

«አንተ ብትናገር ኖሮ እኔ ዝም እል ነበር።»

ፍፁም የተፈረመበትን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተ። ምህረት ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አየች። ከዚያ ቦርሳው ውስጥ አጋድማ ዚፑን እስከ ጥጉ ዘጋችና የመኪናዋ ኋላ አስቀመጠችው።