ከግርጌ የተነሳው አሞሌ

መሥሪያ ቤት ውስጥ «መቀሱ» ነበር የሚሉት። ስሙን ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው፤ ኮምፒውተር ስክሪን ላይ ትርፍ ነገር ካየ እጁን ይበላዋል። ሥራው ሰው ኮምፒውተሩን ሲከፍት ፊት ለፊት የሚያየውን ሁሉ መንደፍ ነው፤ መስኮቱን፣ ቁልፉን፣ ቀለሙን። «ብዙ ሰው የማይነካውን ነገር ሁሉ ፊት ላይ ማስጣት ምን ይሉታል?» ይላል። «የፈለገ ቅጥያውን አውርዶ ይጨምር።» ቅጥያ የሚሉት ከዋናው ፕሮግራም ጋር አብሮ የማይመጣ፣ ባለቤቱ ፈልጎ የሚለጥፈው ትንሽ ፕሮግራም ነው።

በዚያ ዓመት ከቆረጣቸው ሁሉ ትልቁ የታችኛው አሞሌ ነበር፤ የተከፈቱ ጽሑፎች ስም ከስክሪኑ ግርጌ ተደርድሮ የሚታይበት ቀጭን መስመር። ከእንግዲህ ከሌላ መስኮት ኋላ የተደበቀ ጽሑፍ ያስፈለገው ሰው ማውሱን ወደ ላይኛው ጥግ ይወስዳል፤ ያኔ የከፈተው ሁሉ ተዘርግቶ ይታየዋል። ስብሰባው ላይ አንዳንዶች ቢያጉረመርሙም የቡድኑ ኃላፊ ወደደችው። ስክሪኑ እንደ ተጠረገ ግቢ ጸዳ፣ አሞሌውም ወደ ቅጥያዎቹ ተርታ ወረደ።

ታላቅ እህቱ በአንድ ማተሚያ ቤት የመጻሕፍት አራሚ ነች። እናታቸው ከሞቱ ወዲህ ያሳደገችው እሷ ናት፤ «እታለም» ነው የሚላት። ከጥቂት ወራት በፊት ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሶ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ደግነቱ ተሽሏት ሥራዋን ጀምራለች። እጅ እግሯ ደህና ነው፤ ምላሷም እንደ ድሮው ስለት ነው። ብቻ ከዓይኗ የራቀ ነገር ከልቧም ይርቃል። ሐኪሙ «ቀስ በቀስ ይመለሳል፤ እስከዚያው የምትፈልጊውን ነገር ዓይንሽ ሥር አድርጊው» ብሏታል።

አንድ እሁድ ሊጠይቃት ሲሄድ ፊቷ ጠቁሮ አገኛት።

«ምነው እታለም፣ ከማን ተጣላሽ?»

«ከራሴ። ሥራዬን ልለቅ ነው።» መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ትወለውል ጀመር። «ጭንቅላቴ ከዳኝ፣ ወንድሜ። ምዕራፉን አርሜ፣ መዝገበ ቃላቱን ከፍቼ አየት አድርጌ ስመለስ ምዕራፉ የለም። ጠፋ! እንደ አዲስ ከፈትኩ፣ እንደ አዲስ አረምኩ። ለካ የፊተኛውም እዚያው ተቀምጧል። ሁለት ዓይነት እርማት ልኬለት ደራሲው ሲጮህብኝ ነው ያወቅኩት። ድሮ ስሙን ከታች አየው ነበር። አሁን አይታየኝም።»

«ከታች? ከስክሪኑ ግርጌ?»

«አዎ። ሌሎቹ አንድም ቀን ስለሱ ሲያወሩ አልሰማሁም። እኔም አፌን ያዝኩ። ብናገር ‹ከታመመች ወዲህ እኮ እንዲህ ናት› ሊሉኝ አይደል?»

«ጭንቅላትሽ ደህና ነው፣ እታለም። አሞሌውን ያነሳሁት እኔ ነኝ።»

ትክ ብላ አየችው። «አንተ?»

«እኔ። ማስታወቂያ ወጥቶ ነበር። የፈለገ ሰው ቅጥያውን ፈልጎ...»

«እኔ የጠፋ ጭንቅላቴን ስፈልግ ከርሜ፣ ደግሞ ቅጥያ ልፈልግልህ?» አለችና መጀመሪያ ሳቀች፤ ወዲያው እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። እሱ የሚገባበት ጠፋው። ስትታመም አልጋዋ አጠገብ ከርሟል፤ እንዲህ ስታለቅስ ግን አላያትም።

በማግስቱ ማተሚያ ቤቷ ድረስ ሄዶ ቅጥያውን ጫነላት። አሞሌው ብቅ ሲል የጠፋ ዘመድ ያገኘች ያህል እልል አለች፤ ሥራ የመልቀቁንም ነገር ተወችው። ደስታዋ ግን ብዙም አልቆየም። ፕሮግራሙ ሲታደስ ቅጥያው ከአዲሱ ጋር አልስማማ ብሎ ተዘጋ፤ ሠሪውም በትርፍ ጊዜው የሚሠራ ሰው ስለነበር ቶሎ አላስተካከለውም። እህቱ ደወለች።

«ያ ነገርህ ደግሞ ሄደ። አሁን ግን ጭንቅላቴን አልጠረጠርኩም፤ የጠረጠርኩት አንተን ነው።»

ስልኩን ዘግቶ በቀጥታ የቡድኑ ኃላፊ ቢሮ ገባ፤ የሆነውንም ሁሉ ነገራት። ኃላፊዋ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ እስኪጨርስ ሰማችው።

«እህትህን እግዜር ይማርልህ» አለች። «ነገር ግን ለእያንዳንዱ ሰው እህት አንድ አንድ ነገር ከጨመርን ስክሪኑ የጉልት ገበያ ይሆናል። ይህን ያስተማርከኝ ራስህ ነህ።»

«ልክ ነሽ። የጎደለውን የሚያውቅ ሰው ቅጥያ ይፈልጋል። የማያውቀው ግን ራሱን ነው የሚጠረጥረው። ካላመንሽኝ ሰዎች እንጥራና አብረን እንይ።»

ተስማማች። ከኮምፒውተር ሥራ ውጪ ያሉ ሰዎች ተጠሩ፤ መድኃኒት ሻጭ፣ ጡረታ የወጡ መምህር፣ የመኪና መንዳት ማሠልጠኛ ቤት ጸሐፊ። ሁለት ጽሑፍ ከፍተው እያመሳከሩ እንዲሠሩ ተነገራቸው። መድኃኒት ሻጯ ጥጉን ወዲያው አገኘችው። መምህሩ ግን ያንኑ ጽሑፍ ደጋግመው ከፈቱ፤ በመጨረሻ ከወንበራቸው ብድግ ብለው «ይቅርታ አድርጉልኝ ልጆቼ፣ እኔ ለዚህ ነገር አልሆንም፤ አርጅቻለሁ» አሉ። ጸሐፊውም ላቡን እየጠረገ ይቅርታ ጠየቀ። ኃላፊዋ አንገቷን ደፋች። መምህሩን እስከ በሩ የሸኘቻቸው ራሷ ናት። «ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፣ አባባ» ስትላቸው መቀሱ ሰማት።

በሚቀጥለው እትም አሞሌው ከዋናው ፕሮግራም ጋር አብሮ መጣ፤ ያልፈለገ ሰው በአንድ ቁልፍ ይደብቀዋል። ሌላ ነገር አልተመለሰም። መቀሱ ያንኑ ሳምንት እንኳ ሁለት የማያስፈልጉ ቁልፎችን ቆርጧል። ንጹሑን ስክሪን የለመዱ ሰዎች ግን የስድብ መዓት አወረዱበት፤ «ወደ ኋላ ሄዳችሁ» የሚለው ከሁሉም ጨዋው ነበር። ለሁሉም ቁጭ ብሎ መልስ ጻፈ።

እህቱ መጽሐፉን አርማ ጨረሰች። የጮኸባት ደራሲ የሚቀጥለውንም ለሌላ አራሚ አልሰጥም ብሎ እሷኑ ይዞ ቀረ። ወንድሟ ይህን ሲሰማ እንኳን ደስ ያለሽ ሊላት ደወለ።

«ቆይ፣ ቆይ፣ ሥራ ላይ ነኝ» ብላ ዘጋችበት።