ለቁስለኛ የተነጠፉ አልጋዎች

ልጆቹ ከወደብ ከተማዋ ከሊቨርፑል የመጡት ጦርነቱ በታወጀ ሰሞን ነው። ከተማው በቦምብ ይመታል ተብሎ በባቡር ወደ ገጠር አሸሿቸው። በመንደራችን አዳራሽ፣ ስማቸው የተጻፈበት ወረቀት አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሎ፣ ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። እኔ የአካባቢው ነርስ ስለሆንኩ ቅማል እንዳይ ተጠርቼ ነበር።

የመንደሩ ሰው ገባና ያማርጥ ጀመር። ገበሬዎቹ ደንዳና ደንዳናውን ወሰዱ፤ ሴቶቹ መልከ መልካሞቹን። የቀራቸው ጥርስ ገልጦ ማየት ብቻ ነበር። በመጨረሻ ሞይራ ኮስቴሎ የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ ብቻዋን ቀረች። ከሲታ ናት፤ ንፍጧም ይዝረከረካል። የኮሚቴው ሰብሳቢ ወይዘሮ ቶርኒክሮፍት ሰው ሁሉ እስኪያያት ጠብቃ፣ "እንግዲህ እኔው ልውሰዳት" አለች። ተጨበጨበላት።

ብርዱ ሲጠና የትምህርት ቤቱ መምህርት "ያቺ ልጅ ሳሏ አላማረኝም፤ ከትምህርትም ቀርታለች" ብትለኝ ወደ ወይዘሮ ቶርኒክሮፍት ቤት ሄድኩ። ልጅቷን ያገኘኋት ከጓሮ፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ነው። ድንጋዩ ወለል ላይ በተነጠፈ ጆንያ ተኝታ፣ ትኩሳቷ እንደ እሳት ይፋጃል።

"እሜቴ፣ ይህች ልጅ እዚህ ነው የምታድረው?"

"አልጋ ላይ ትሸናለቻ፣ ሲስተር። የላባ ፍራሼን አበላሸችብኝ። እነዚህ የወደብ ሰዎች ይፈለፍላሉ እንጂ መች ያሳድጋሉ።"

"ከእናቷ ጉያ ተነጥቃ ባትሸና ነበር የሚገርመው።"

"አንቺ ደግሞ ሳትወልጂ ስለ ልጅ ማስተማር አማረሽ?"

ብመልስላት እጄ ይቀድም ነበር። ልጅቷን በካባዬ ጠቅልዬ ብስክሌቴ ላይ አስቀመጥኳትና እየገፋሁ ሆስፒታል አደረስኳት።

ክፍሉ ከዳር እስከ ዳር ነጭ አንሶላ የለበሱ አልጋዎች ተደርድረውበታል። አንድም ሰው አልተኛባቸውም። ዋናዋ ነርስ፣ ሲስተር ፕሮበርት፣ በር ላይ አገደችኝ።

"አልጋዎቹ በአየር ድብደባ ለሚቆስሉ የተያዙ ናቸው። ትእዛዝ ነው።"

"ታዲያ ቁስለኞቹ የታሉ?"

"ይመጣሉ።"

"ይቺ መጥታለች።"

በትከሻዬ ገፍቻት አለፍኩና ሞይራን መስኮቱ አጠገብ፣ ከነጫማዋ አስተኛኋት።

"አመለክትብሻለሁ" አለችኝ።

"አመልክቺ።"

አመለከተች። ወይዘሮ ቶርኒክሮፍትም ከመንደሩ እንድባረር ጠየቀች። በኔ ቦታ የሚመጣ ነርስ ስላልተገኘ በማስጠንቀቂያ ታለፍኩ። ሞይራ የሳንባ ምች ይዟት ኖሮ፣ ከብዙ ጭንቅ በኋላ ዳነች።

ለገና እናቷ ልትጠይቃት ሆስፒታሉ መጣች። ከምትሠራበት የገመድ ፋብሪካ በቀጥታ ወደ ባቡሩ ሄዳ ኖሮ የሥራ ልብሷን እንኳ አልቀየረችም። የልጇን አጥንት ዳበሰችና ወደ እኔ ዞረች።

"በጤናዋ ነበር የሰጠኋችሁ።"

"ወይዘሮ ኮስቴሎ፣ እዚያ እኮ ቦምብ ይፈራል። እኔ ዘንድ ትቀመጥልኝ፤ እንደ ልጄ ነው የማያት።"

"ያቺኛዋም በአዳራሹ ሰው ፊት እኔው ልውሰዳት ብላ ነው የወሰደቻት አሉ። ይብቃን፣ እህቴ። የመጣው ይምጣ፣ እኔው ጋ ትሆናለች።"

ይዛት ሄደች።

ከዓመት በላይ አልፎ፣ በግንቦት ወር፣ ጀርመኖች ሊቨርፑልን በተከታታይ ሌሊቶች ደበደቧት። እናትና ልጅ ከተጠለሉበት ምድር ቤት እንደተቃቀፉ ወጡ፤ ሬሳቸው ነው የወጣው። ወሬውን ያመጣችልኝ መምህርቷ ናት።

በዚያው ሳምንት የመንደሩ ሴቶች አዳራሽ ተሰብስበው ፋሻ ሲጠቀልሉ እኔ አሳያቸው ነበር። ወይዘሮ ቶርኒክሮፍት ከንፈሯን መጠጠች።

"ምስኪን። እኔ ቤት ብትቆይ ኖሮ ዛሬ በሕይወት ነበረች። እናትየዋ ናት የገደለቻት።"

ሴቶቹ በመስማማት ራሳቸውን ነቀነቁ። የያዝኩትን ፋሻ አስቀመጥኩ።

"አንቺ" አልኳት። እስከዚያ ቀን አንቱ ነበር የምላት። "ያቺ እናት ልጇን ወደ ቦምቡ የመለሰችው አንቺን ሸሽታ ነው። ከጆንያ ላይ ያነሳኋት እኔ ነኝ። ስሟን ዳግመኛ በአፍሽ እንዳትጠሪው።"

ፊቷ ቀላ። ሴቶቹ አቀርቅረው ፋሻቸውን መጠቅለል ቀጠሉ። አንዷም ቀና ብላ "እውነቷን ነው" አላለችም። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ልጆቹ ሲመረጡ ያልነበረች ሴት አልነበረችም።

ወይዘሮ ቶርኒክሮፍት በስተርጅና ስትታመም እየሄድኩ መርፌዋን ወግቻታለሁ። ሥራዬ ነው። ደህና አደርሽ ግን ብያት አላውቅም።