ፎቶ አንሺው የቆመበት

«ይሄ ፎቶ በዛብህን አይመስልም» አሉ ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት እትዬ አያልነሽ፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ የቆመውን ፍሬም አንስተው እያዩ። «ምነው እንዲህ አፈጠጠ?»

«የመንጃ ፈቃዱ ነው» አለች ሚስቱ የምሥራች ከፍራሹ ላይ። «ሌላ የለውም።»

ለቀስተኛው እርስ በርሱ ተያየ። እዚህ አሜሪካ፣ በኦሮራም በዴንቨርም በዛብህ ያላነሳው ሠርግና ክርስትና አልነበረም። አዘቦት ቀን የኤርፖርት መንገደኛ ያመላልሳል፤ ቅዳሜና እሑድ ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሰውን ሁሉ «ጠጋ ጠጋ በሉ እንጂ!» ይላል። አገር ምድሩን ሲያነሳ ኖሮ የራሱን ሚስትና ልጅ በመንጃ ፈቃድ ፎቶ አስቀራቸው።

«አንድ ቀን አሞኛል ብሎ አያውቅም እኮ» አለች ጥግ የተቀመጠች ሴት በሹክሹክታ።

የምሥራች ሰማቻት፤ ደስም አላት። ሰው ሁሉ ይህንኑ ቢደግምላት ትወድ ነበር። በዛብህ የመንገደኛ ሻንጣ ሊያወርድ ጎንበስ እንዳለ ወድቆ በሞተ ዕለት፣ የሆስፒታሉ ሐኪም ወደ ጎን ወስዳ አነጋግራት ነበር። የልቡ ጡንቻ ከመጠን በላይ ወፍሯል፤ ይህ ሕመም ከወላጅ ወደ ልጅ ሊሄድ ይችላል። ትንፋሽ ያጥረው ነበር? ደረጃ ሲወጣ ያርፍ ነበር? ስትል ጠየቀቻት።

«ኧረ እሱ ታሞ አያውቅም» ብላ መለሰች።

«ቢሆንም ልጅሽ ትታይ» አለቻት ሐኪሟ። «ትንፋሽ የሚያጥራት ከሆነ ደግሞ ዛሬ ነገ ሳትዪ አምጫት።»

ለልጇ ለእድላዊት እስካሁን አልነገረቻትም። እሱ ካልታመመ ለልጁ የሚያወርሰው የለም፤ ይህችን ነገር እንደ ጸሎት ስትደጋግማት ሰነበተች። ቀብሩ ትናንት ሆነ። ነገ ሰልስት ነው፤ ከሰልስት በኋላ እነግራታለሁ አለች ለራሷ። ፈርታ ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

እድላዊት ላፕቶፗን ይዛ መጥታ ፍራሹ ላይ አጠገቧ ተቀመጠች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ኮሌጅ ውስጥ ኮምፒውተር ታጠናለች።

«ማሚ፣ ዳዲን አገኘሁት።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ፎቶ ውስጥ አይደለም። አንድ ሶፍትዌር አለ፤ ኖርማል ፎቶዎች ትሰጪዋለሽ፣ ቦታውን በስሪ ዲ ይሠራዋል። ዳዲ ሳሎናችን ውስጥ ያነሳቸውን በሙሉ አስገባሁለት። አየሽ?»

ስክሪኑ ላይ የገዛ ሳሎናቸው ተከፈተ። እድላዊት ጣቷን ስታንሸራትት ወደ ውስጥ ይገባል፣ ይዞራል፤ ሶፋው፣ መጋረጃው፣ የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል፣ ሁሉም በየቦታው አለ። አየሩ ላይ ትንንሽ ሰማያዊ ምልክቶች ተንጠልጥለዋል።

«እነዚህ ምንድን ናቸው?»

«እሱን ነው የምልሽ! ፎቶው የተነሳበት ቦታ ነው፤ ሶፍትዌሩ ራሱ ያገኘዋል። ዳዲ እዚህ ቆሞ ነበር። ቁመቱን፣ ሉክ።»

የምሥራች እጇን ወደ ስክሪኑ ሰደደች። ረጅም ሰው ነበር። ምልክቶቹ በሩ አጠገብ፣ መስኮቱ ዘንድ፣ ከሰው ሁሉ ራስ በላይ ሆነዋል። እያለቀሰች ፈገግ አለች።

ከዚያ ጥግ ያለውን ወንበር አየች። እዚያ ላይ ምልክቶቹ ዝቅ ብለው ተከማችተዋል።

«እነዚህስ ለምን ወረዱ?»

«የዘንድሮ ናቸው። ቁጭ ብሎ ነዋ ያነሳቸው።»

የፋሲካ ዕለት ትዝ አላት። «ብርሃኑ የሚያምረው ከዚህ ነው» ብሎ ከወንበሩ አልነሳም ሲል፣ እንግዳ ፊት «የኔ ፎቶ አንሺ፣ ወንበር ካልሰጡት የማያነሳ!» ብላ አስቃበት ነበር። እሱም አብሮ ሳቀ። ደረጃውም ትዝ አላት። ቤታቸው ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም። እሷ አስቤዛውን ይዛ ስትቀድም እሱ መታጠፊያው ላይ ይቆማል። «የምሥራች፣ ተራራውን እይው እስቲ!» ይልና ስልኩን ያወጣል። በየቀኑ፣ ያንኑ ተራራ። እሷ ደግሞ «ተራራው የትም አይሄድ፣ ይልቅ በሩን ክፈትልኝ» ትለዋለች።

ለካ ያርፍ ነበር። እሷ ስትቀልድበት እሱ ታሞ ነበር።

ዓይኗን ከወንበሩ ልታነሳ ስትል ከሰማያዊዎቹ መሐል አረንጓዴ ምልክቶች አየች፤ እነሱም ዝቅ ያሉ ናቸው።

«እነዚህስ የማን ናቸው?»

«የኔ። የጎደለ ቦታ ነበር፤ ለመሙላት ዛሬ ጠዋት እኔ አንስቼ ጨመርኩበት።»

«ቁጭ ብለሽ?»

«ጀስት ደክሞኝ ነው ማሚ። ሰሞኑን ማን ተኛ?»

«ሰሞኑን ብቻ ነው?»

እድላዊት ላፕቶፑን ልትዘጋው ከጀለች። «ደረጃ ስወጣ ትንፋሼ... ኢትስ ናቲንግ። ከሰመር ጀምሮ ነው።»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። የምሥራች ደረቷን ስትደቃበት የሰነበተችውን እጅ ዘርግታ የልጇ ደረት ላይ አሳረፈች። ይመታል። ፈጥኖ ይሁን በልኩ መለየት አቃታት። ተነሥታ ጫማዋን ፈለገች።

«ወዴት ነው?» አሉ እትዬ አያልነሽ ደንግጠው። «ሰልስቱ ሳይወጣ ሐዘንተኛ ከቤት ይወጣል እንዴ? ሰው ምን ይላል?»

«ያሻውን ይበል፣ እትዬ። እድላዊትን ላሳክማት ነው። በዛብህን የገደለው ልብ እሷም ዘንድ እንዳይኖር ፈርቻለሁ። ለቀስተኛውን እርስዎ ይቀበሉልኝ።»

እድላዊት እናቷን አየችና ላፕቶፑን ዘግታ ተነሣች። እትዬ አያልነሽ የልጅቷን ፊት ልብ ብለው ተመለከቱና የመኪናውን ቁልፍ ከግድግዳው አውርደው ለየምሥራች ሰጧት።

ደረጃውን ወርደው መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ እድላዊት የደረጃውን ብረት ይዛ ቆመች።

«ማሚ፣ ሉክ» አለች ስልኳን ከኪሷ እያወጣች። «ተራራው እንዴት እንደሚያምር።»

የምሥራች ወደ ተራራው አልዞረችም። የሐዘን ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ሲሚንቶው ላይ አነጠፈችና ልጇን አስቀመጠቻት፤ እሷም አጠገቧ ተቀመጠች።

«ፎቶው ይቅር፣ የኔ ልጅ» አለች። «እንረፍ።»