ኖርዞም ልብስ ሰፊው ቤት ምን ትሠራለች?

ሚስቴ ኖርዞም ሃምሳን ካለፈች በኋላ ነው ቦውዳ የሚባለውን የእኛን የቡድሃ አማኞች ቅዱስ ጉልላት በየማለዳው መዞር የጀመረችው። ለነፍሴም ለጉልበቴም ይበጀኛል ብላ። እኔ ከኋላ እያዘገምኩ ስከተላት እሷ ትፈተለካለች። እሰይ ብዬ ነበር። ኋላ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ፤ የልብስ ሰፊው የግዩርሜ ደጃፍ ስትደርስ ትሰወራለች። ግዩርሜ ደግሞ ሚስቱ የሞተችበት መልከ መልካም ሰው ነው።

«የት ጠፋሽ?» ስላት «የጸሎት መብራት ላበራ» ትላለች። እጇ ግን ሳሙና ሳሙና ይሸታል። በጨውና በቅቤ የሚፈላውን ሻያችንን የማትጠግበው ሴትዮ ሻይ መቀነስ ጀምራለች። ልትሸነቅጥ ነዋ! ለማን? ደሜ ፈላ።

ዛሬ ቀድሜያት ወጣሁና የግዩርሜን በር አልፌ ዞር ብዬ አየሁ። ኖርዞም እየሮጠች መጥታ ገባች። ሳታንኳኳ! እኛ ጉልላቱን በቀኝ አድርገን ነው የምንዞረው፤ ወደ ኋላ መመለስ ነውር ስለሆነ አንድ ቦታ ያለፈ ሰው ሙሉውን ዞሮ ይመጣል። እኔ ግን የሚመጣውን ሰው እየገፈተርኩ ተመልሼ ሮጥኩ።

«አንተ ሰውዬ፣ አበድክ እንዴ?» ብላ በየማለዳው አብራን የምትዞረው አሮጊቷ ዶልካር ከነባልንጀሮቿ ተከተለችኝ።

በሩን በርግጄ ገባሁ። ግዩርሜ ስፌቱ ላይ አቀርቅሯል።

«ሚስቴ የታለች?»

በጣቱ ወደ ጓሮ አመለከተኝ። ኖርዞም ከሽንት ቤት ወጥታ እጇን እየታጠበች ነው። ስታየኝ ደነገጠች።

«ሽንቴ ነው» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሲመጣ ፋታ አይሰጠኝም። ሐኪሟ የፊኛ ችግር ነው፣ ሻይ ቀንሺ፣ መራመዱን ግን እንዳትተዪ አለችኝ። የሕዝቡን ሽንት ቤት አንዴ ካለፍኩት ደግሞ ወደ ኋላ አልመለስ ነገር!»

«ለኔ አትነግሪኝም?»

«ላንተ? ወሬ መች ትደብቃለህ! እስከ ማታ አገር ምድሩ ይስቅብኛል። ያኔ ከቤት አልወጣም።»

ለግዩርሜ ነግራ ከእኔ መደበቋ ከጠረጠርኩት በላይ አንገበገበኝ።

ዶልካርና ባልንጀሮቿ ደጁን ሞልተው አንዴ ግዩርሜን፣ አንዴ ሚስቴን ያያሉ።

«እዚህ ቤት ምን ጉድ አለ?» አለች ዶልካር።

ዝም ብል የኖርዞም ስም ይጠፋል፤ እውነቱን ባወጣ ገመናዋ ይገለጣል።

«ምን ታፈጣላችሁ?» አልኩ። «ሽንቴ አጣድፎኝ ነው ወደ ኋላ የሮጥኩት። ኖርዞም ሽንት ቤት ልትለምንልኝ ቀድማኝ ገባች።»

«ውይ፣ በዚህ ዕድሜው!» ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ።

ኖርዞም አልሳቀችም። ትክ ብላ አየችኝና ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብላ ተናገረች። «ግዩርሜ፣ ከነገ ጀምሮ በየማለዳው ይዤው እመጣለሁ። በሩን እንዳትቆልፍብን።»

ሽንቴ ጭራሽ አልመጣም ነበር። ሽንት ቤት ገብቼ ሴቶቹ ስቀው እስኪሄዱ ቆምኩ።