ጋቢ የለበሰው ኮምፒውተር

ባሌ ፍፁም ከሞተ ወዲህ ሊያጽናናኝ የሚመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ዓይኔን ነው። አብጦ እንደሆነ ለማጣራት ነው። አላበጠም። ጥርስ ሐኪም መንጋጋ ሲያደነዝዝ የሚሰማውን ታውቃላችሁ? እኔ ከራስ ፀጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ እንደዚያ ነበርኩ። ብዪ ሲሉኝ እበላለሁ፣ ተቀመጪ ሲሉኝ እቀመጣለሁ። ሐዋሳ ደግሞ ወሬ ትወዳለች፤ «ድሮም አትወደውም ነበር» የሚለው ሐሜት ከምሥራቅ ክፍለ ከተማ ተነስቶ ባህል አዳራሽ ሰፈር ደርሷል አሉ። ይድረስ።

ፍፁም የሰርግ ቪዲዮ ይቀርጽ ነበር። የቀረጸውን የሚያቀናብረው እዚሁ ቤታችን፣ በመንገዱ በኩል ባለችው ክፍል ነው። ዓመቱ የሚሊኒየሙ ዓመት ስለነበር ያላገባ ሰው የቀረ አይመስልም ነበር። የሞተ ዕለትም የአንዲት ሐዳሳ የምትባል ልጅ ሰርግ ኮምፒውተሩ ላይ እየሠራ ነበር። ኮምፒውተሩን ብዙ ሰዓት የሚፈጅ ሥራ አዘዘውና «እሱ እስኪጨርስ መጣሁ» ብሎኝ ወጣ። ባጃጅ ገጨው። ከዚህ የረዘመ ታሪክ የለውም።

ለቅሶ ቤቱን የተረከቡት እናቱ እማማ እህተማርያም ናቸው። ከናዝሬት እንደደረሱ ወገባቸውን አስረው ማዘዝ ጀመሩ። በሳቸው ደንብ ሐዘን በገባበት ቤት የሚያበራና የሚያወራ ነገር ነውር ነው። ሬዲዮኑን አስጠፉ፤ ቴሌቪዥኑ ላይ ነጠላ አስጣሉበት። ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው በዳበሳ ነው የሚሄዱት፤ እንደዚያው እየዳበሱ የፍፁም ክፍል ገቡና ስክሪኑን በሰው አስጠፍተው፣ ኮምፒውተሩን ከነሣጥኑ የልጃቸውን ጋቢ በድርቡ አለበሱት። ስክሪኑ ከጠፋ ኮምፒውተሩ ጠፋ ብለው የሚያምኑት እሳቸው ብቻ አይደሉም፤ እኔም ያን ሰሞን ማሰብ ትቼ ነበር። ሲፒዩ የምንለው ሣጥን ግን ጋቢውን እንደለበሰ ይሠራል። በየቀኑ የሚጠፋው መብራት እንኳ፣ መጥፋቱ በሚጠቅምበት ሳምንት አንዴም ሳይጠፋ ቀረ። የጋለውን ሣጥን አግኝተን ያጠፋነው ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ነው።

ለአርባው ፎቶውን አሳድገን አቆምን። ሰው እያየ አነባ። እማማ ግን መስታወቱን በመዳፋቸው ዳበሱና እጃቸውን መለሱ። ለሳቸው ፎቶ ማለት ቀዝቃዛ መስታወት ነው። በማግስቱ ጠዋት፣ ሻንጣቸው በር ላይ ሆኖ፣ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ።

«ብርቅዬ፣ ድምፁ የትም የለም?» አሉኝ። «አንድ ጊዜ ሰምቼው ልሂድ።»

አለ። ፍፁም ፊልም ላይ አይታይም፤ ከካሜራው ጀርባ ሆኖ ግን ሰዉን ሁሉ ሲያዝ ይውላል። ሥራውን ሲጨርስ የራሱን ድምፅ ቆርጦ ያወጣል፤ በካሴቱም ላይ ሌላ ሰርግ ይቀርጽበታል። ድምፁ ያልተቆረጠለት የቀረ ፊልም የሐዳሳ ሰርግ ብቻ ነበር። ገብቼ ኮምፒውተሩን ከፈትኩት። ፊልሙ ሳይመጣ ድርግም አለ። ደግሜ ከፈትኩት፤ አሁንም ድርግም። እማማ ወንበር ስበው ጀርባዬ ተቀምጠው ይጠብቃሉ።

አዲስ ከተማ ሰፈር ኮምፒውተር የሚጠግነውን ደበሌን ጠራሁት። ደበሌና ፍፁም ሲጨቃጨቁ የሚውሉ ጓደኛሞች ነበሩ። ፊልሙ ያለበትን ዲስክ ነቅሎ ሱቁ ወስዶ ለመክፈት ጠየቀ፤ እማማ ከልጃቸው ክፍል አንድ ነገር አይወጣም አሉ። እሺ ብሎ ሣጥኑን በመፍቻ ፈታ። ሥራውን ሁሉ የሚሠራው ፕሮሰሰር የሚባለው ነገር እንደ ምጣድ ይግላል፤ በላዩ ማቀዝቀዣ ብረት ከነፋኑ ይጫንበታል። በሁለቱ መካከል የሚቀባው ነጭ ቅባት፣ ፔስት የሚሉት፣ ሙቀቱን ከታች ተቀብሎ ለላይኛው ያሻግራል። የኛው ከዳር ሲታይ ደርቆ ኖራ ሆኗል።

«ታፍኖ ነው የከረመው» አለ ደበሌ፣ ምንም ሳያውቅ።

«ያለበስኩት እኔ ነኝ» አሉ እማማ፤ «ደንቡን አደረስኩ ብዬ ነው።» እኔ ልቆጣ ፈልጌ ነበር፤ ቁጣው አልመጣም።

ደበሌ ማቀዝቀዣውን ግራ ቀኝ እያወዛወዘ ነቀለውና ገለበጠው። እሱና ፍፁም ሁልጊዜ የሚጨቃጨቁት በዚህ ቅባት አቀባብ ነበር። ደበሌ «የምስር ክክ የምታህል መሃል ላይ ጠብ አድርግ፣ ብረቱ ራሱ ይደፈጥጠዋል» ይላል። ፍፁም ግን በባዶ ጣቱ፣ ዳቦ ላይ ማርማላታ እንደሚቀባ ሰው፣ ከዳር እስከ ዳር ይለቀልቀዋል። መብራት ሲጠፋ ባትሪ የምይዝለት እኔ ነበርኩ፤ «ጣትህ ቆሻሻ ነው» እለዋለሁ፣ አይሰማኝም። አሁን ብረቱ ጫፍ ላይ፣ ፕሮሰሰሩ በማይነካው በኩል፣ የጣቱ አሻራ ከነመስመሩ ደርቆ ተቀምጧል።

ደበሌ ሊጠርግ ያዘጋጀውን ጥጥ ጠረጴዛው ላይ መልሶ አስቀመጠ። እማማ ሥራው መቆሙን ሰምተው «ምንድነው?» አሉ። ነገርኳቸው። እጃቸውን ዘረጉ፤ ሌባ ጣታቸውን ይዤ አሻራው ላይ አስቀመጥኩላቸው። እንደ ሕፃን ዓይን በቀስታ ነኩት። ለረጅም ጊዜ አላነሱትም።

«ይኼ ካልተጠረገ ድምፁ አይመጣም?»

«አይመጣም፣ እማማ» አለ ደበሌ።

ጣታቸውን አነሱ። «ጥረጊው» አሉኝ። «ጣት አያወራም።»

ለአርባው ከተዘጋጀው የተረፈ አረቄ ነበር። ጥጡን በሱ ነክሬ ጠረግሁት። አንድ ሁለቴ ሳሸው ለቀቀ፤ ብረቱ እንደ አዲስ አበራ። ምንም አልተሰማኝም። የአረቄው ሽታ ብቻ አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ።

ደበሌ ከመርፌ መሳይዋ ቱቦ አዲሱን ፔስት እንደ ልማዱ የምስር ክክ አሳክሎ ፕሮሰሰሩ ላይ ጠብ አደረገ። እኔ በጣቴ ለቀለቅሁት። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ደበሌ «እንደሱ አይደለም» ሊል አፉን ከፈተና ተወው። ማቀዝቀዣውን ገጠመ፤ ፋኑ ዞረ፤ ኮምፒውተሩ በራ፤ ጠበቅነው፣ አልጠፋም።

ፊልሙን ከፈትኩ። መጀመሪያ የሰው ትከሻና እልልታ ነው። ቀጥሎ ሐይቁ ዳር፣ ዋርካው ሥር፣ የሙሽራዋ አያት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ከዚያ ፍፁም እዚሁ ክፍል ውስጥ ያለ ያህል፣ ቅርብ ሆኖ፣ ትንሽ ሰልቸት ባለው ድምፁ ተናገረ።

«እማማ፣ አንገትዎን ቀና ያድርጉ። ወደ እኔ ይዩ። እንዲያ፣ እንዳይንቀሳቀሱ።»

አያትየዋ ቀና አሉ። ፊልሙ ወደ ሚዜዎቹ ዞረ፤ ድምፁም በዚያው ቆመ። ልድገመው ብዬ ወደ ኋላዬ ዞርኩ። እማማ እህተማርያም ነጠላቸውን አስተካክለው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ አንገታቸውን ቀና አድርገዋል። የማያዩት ዓይናቸው ድምፁ ወደ መጣበት አቅጣጫ ነው።

«ልድገመው፣ እማማ?»

«ቆዪ» አሉኝ፣ ከንፈራቸውን እምብዛም ሳያንቀሳቅሱ። «ገና አላነሳኝም።»

ደበሌ መፍቻውን እንደያዘ ወደ ደጅ ወጣ። እኔ አለቀስኩ። ጣቴ ቅባት ስለነበረው ዓይኔን የጠረግሁት በክንዴ ነው።