የቦራው ጀርባ

ኪዳኑ በሞተ በአራተኛው ወር፣ በሚያዝያ መጨረሻ፣ ሚስቱ ማናለብሽ ደርበው ደጃፍ ድረስ መጣች። ደርበው ለከሰል የቆረጠውን የዲከረንስ ዛፍ ግንድ በአጥሩ ሥር እየከመረ ነበር። ከሩቅ ሲያያት የያዘውን ግንድ የት እንደሚያስቀምጠው ጠፋው። ኪዳኑ የልጅነት ጓደኛው ነው፤ ሠላሳ ዓመት አብረው ጋልበዋል። ከቀብሩ ወዲህ ግን ቤቱን የረገጠው ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ሰው የሚበዛበትን ሰዓት መርጦ፣ በሩ ሥር ተቀምጦ፣ ቶሎ ወጥቷል።

«አያ ደርበው፣ ቦራው ሊያልቅብኝ ነው» አለችው፣ ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳትጨርስ። «መሳፍንት ጫካ ወስጄ እለቀዋለሁ እያለ ነው። ወንድሜን የገደለ ፈረስ ድርቆሽ አይበላም ይላል። እኔ ግን እናቱ ስትሞትበት ኪዳኑ በጡጦ ያሳደገውን ፈረስ ለጅብ አልሰጥም። ከአንተ በላይ ፈረስ የሚያውቅ ማን አለ? አቁምልኝ።»

«እሺ» አለ ደርበው።

ፈረሱን ከቤቷ ጓሮ ታስሮ አገኘው። በግንባሩ ነጭ ምልክት ቦራ የተባለው ያ የሚያምር ፈረስ አራት ወር ሙሉ የነካው ሰው የለም። ድርቆሽ ከሩቅ ይወረወርለታል እንጂ ማን ይቅረበው? አከርካሪው አግጥጦ ወጥቷል። በግራና በቀኝ የነበረው ሥጋ ሟሙቶ ጎድጉዷል፤ ሆዱ ወደ ታች ተንዘርፍፏል። ደርበው እጁን ከትከሻው ጀርባ ቀስ አድርጎ አሳረፈ። ፈረሱ ጆሮውን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ጉልበቱን አጥፎ፣ ከእጁ ሥር ሸሸ።

ያችን ቦታ ደርበው ያውቃታል።

ባለፈው ኅዳር በቅሎው አነከሰችበትና ከሰሉን ወደ ግምጃ ቤት ከተማ ገበያ የሚያደርስበት አጣ። ኪዳኑ ሳይለመን ቦራውን ሰጠው። «ለኮርቻ እንጂ ለጭነት አልተገራም፤ በልኩ አድርግበት» አለው፣ ያውም እየሳቀ። ማናለብሽ ያን ሳምንት ዳንግላ ወርዳ የታመመች እናቷን ታስታምም ስለነበር ይህን አላየችም። ደርበውም በልኩ አላደረገም። በቂ ድብዳብ ሳያነጥፍ ሁለት ጆንያ ከሰል ጫነበት፤ ሲመለስ ደግሞ ደክሞት ራሱ ወጣበት። ማታ ሲያራግፈው ከትከሻው ጀርባ እንደ ጡጫ የሚያክል እብጠት አገኘ። ሁለት ቀን በሞቀ የጨው ውኃ አሸው። እብጠቱ ሟሸሸ። ፈረሱን መለሰና «ደህና ነው» አለ።

ፈረሱን በመለሰ በሃያኛው ቀን፣ ጥር ላይ ለሚውለው የፈረሰኞች በዓል ሜዳ ላይ ሲለማመዱ፣ ቦራው በሽምጥ ግልቢያ መካከል ድንገት ጀርባውን አጉብጦ ኪዳኑን አሽቀነጠረው። ከነፍሱ የደረሰበት ደርበው ብቻ ነበር። የቀሩት ሲደርሱ ኪዳኑ በሕይወት አልነበረም።

ማናለብሽ ከእንጅባራ የእንስሳት ጤና ባለሙያ አስጠራች። ናርዶስ የምትባል ወጣት ናት፤ በባጃጅ እስከ አስፋልቱ ዳር መጥታ የቀረውን በእግሯ ተጓዘች። ፈረሱን ከራሱ እስከ ጭራው በጣቶቿ ዳሰሰችው። ከትከሻው ጀርባ ስትደርስ ቆመች።

«ይሄ የኮርቻ አይደለም። የጭነት ነው። ማን ነው የጫነበት?»

«ኪዳኑ ቦራውን ጭኖት አያውቅም» አለች ማናለብሽ።

«እንግዲህ አንድ ሰው ጭኖታል። ላዩ ድኗል፣ ውስጡ ግን ቆይቷል። ሲጋልብ ሕመሙ እንደ ቢላዋ ነው የሚወጋው።»

ደርበው ገመዱን ፈትቶ መልሶ ማሰር ጀመረ።

ናርዶስ የሚደረገውን ለደርበው ነገረችው። «ጋሼ፣ ሦስት ወር ማንም እንዳይወጣበት። ሥጋው የሚመለሰው በመብል ብቻ አይደለም፣ በሥራ ነው። ጀርባን የሚሸከመው ሆድ ነው። ሆዱ ሲበረታ ጀርባው ይነሳል። በገመድ እየመሩት ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ ይሂድ። መጀመሪያ ሜዳ ላይ፣ ከዚያ ዳገት፣ ግን ለስላሳ ዳገት። ቀጥ ያለውን ከወጣ ጀርባውን ወደ ታች አስርጎ በፊት እግሩ ይጎትታል፤ ያኔ የሠሩት ሁሉ ይፈርሳል።»

ደርበው በየቀኑ ጠዋት መጣ። በመጀመሪያው ሳምንት ሩብ ሰዓት ብቻ አስኬደው። ከዚያ አራት የባሕር ዛፍ ግንዶች በእርምጃ ልክ መሬት ላይ ደረደረና በላያቸው አሻገረው። ፈረሱ እያንዳንዱን እግር ከፍ ማድረግ ነበረበት፤ ከፍ ባደረገ ቁጥር ወገቡ ሲሠራ ይታያል። ገብስ በመዳፉ ይዞ መዳፉን በፊት እግሮቹ መካከል ዝቅ ያደርግለታል፤ ቦራው አንገቱን አጥፎ ሊደርስበት ሲሞክር ጀርባው እንደ ቀስት ይለጠጣል። ቀጥሎ ወደ ግራ ጎኑ፣ ቀጥሎ ወደ ቀኝ። ወደ ኋላ አምስት እርምጃ ያስኬደዋል፤ ኋላ አሥር። መጨረሻ ላይ ጣቶቹን ከደረቱ ሥር፣ የኮርቻው መቀነት በሚያልፍበት ላይ ጫን ያደርጋል። ቦራው ሆዱን ይሰበስብና ጀርባው ወደ ላይ ይነሳል። እስከ አምስት ቆጥሮ ይለቀዋል።

ዝናቡ ከገባ በኋላም አላቋረጠም። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቱ እየዋጠው፣ ካፖርቱ ውኃ እየጠጣ፣ ለስላሳውን ዳገት በረዥሙ ዞሮ ይወጣል። በሰኔ አጋማሽ የጎደጎደው መሙላት ጀመረ። ደርበው ግን የፈረሱ ሥጋ በተመለሰ ቁጥር ራሱ እየከሳ ሄደ። ሚስቱ ሽታዬ «ፈረሱ አንተን ነው እንዴ የሚበላው?» ትለዋለች። ፈረሱ አሁን ሲያየው ያሽካካል፤ አፍንጫውን ብብቱ ሥር ይወሽቃል። ደርበው ይህን አይችለውም። ቢነክሰው ይሻለው ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ማናለብሽ የገብሱን ቁና ይዛ ወጣችና አጠገቡ ቆመች።

«አያ ደርበው፣ አንድ ነገር ልንገርህ፤ ለሰው አልተናገርኩትም» አለች። «ኪዳኑን ተቀይሜዋለሁ። ያቺ ልጅ ጭነት ነው ካለች ወዲህ መቃብሩ አልሄድኩም። እኔ ዳንግላ ሳለሁ ደብቆ ጭኖበት ነው። ድንቹን ነው መሰለኝ። በገዛ እጁ ጀርባውን ሰብሮ፣ በገዛ እጁ ወጥቶበት፣ ልጆቼን ያለ አባት አስቀረ። አትጫንበት እያለ ሰው የሚቆጣው እሱ! ስንት ዓመት ሲዋሸኝ ኖረ እላለሁ። ሙት ይቀየሟል? እኔ ተቀይሜያለሁ።»

የደርበው ጣቶች ከፈረሱ ደረት ሥር ነበሩ። መቁጠሩን ተወ።

«ኪዳኑ አልጫነበትም» አለ።

«ማን አለ?»

«እኔ ነኝ የጫንኩበት። ከሰል። ግምጃ ቤት ወስጄው። ሲያብጥ አይቻለሁ። ደህና ነው ብዬ መለስኩለት።»

ቁናው ከእጇ አልወደቀም። መሬት ላይ አስቀመጠችው። ረጅም ጊዜ ፈረሱን አየች።

«ሲወድቅ አጠገቡ አንተ ነበርክ» አለች በመጨረሻ። «ነፍስ ነበረው?»

«ነበረው።»

«ምን አለ?»

ደርበው ይህን ጥያቄ ለስድስት ወር ሲሸሸው ኖሯል። በለቅሶው ላይ ሰዎች ሲጠይቁት ምንም አላለም ብሎ መልሷል።

«ፈረሱን አየና... ‘ምን ነካህ ቦራዬ?’ አለ። ሁለቴ። ከዚያ እኔን አየኝ።»

«አንተስ?»

«ዝም አልኩ።»

ማናለብሽ ገመዱን ከእጁ ወሰደች። አልጮኸችም፣ አልረገመችም። እስካሁን በአማርኛ ነበር የሚያወሩት፤ አሁን እሷ ለፈረሱ በአገውኛ ቀስ ብላ አንድ ነገር ተናገረችና ወደ ጓሮ መራችው። ደርበው ዝናብ ላይ ቆሞ ጠበቀ። አልተመለሰችም።

በሳምንቱ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። መሳፍንት ዱላውን ይዞ መጥቶ ነበርና ሁለት ሰው መሐል ገብቶ ያዘው። ደርበው ሁሉንም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገረ፤ ምንም አላስቀረም። ሽማግሌዎቹ ካሳ ሊሉ ሲጀምሩ ማናለብሽ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሳች። «ከእሱ እጅ ምንም አልቀበልም» አለች። «የጭነቱ ወሬ ያጎደፈውን የኪዳኑን ስም ብቻ በሰው ፊት ያንጻልኝ። በእሁድ፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ።» እሁድ ደርበው በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆሞ ተናገረ። ሰዉ ሰምቶ በየመንገዱ ተበተነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቀበሌው ፈረሰኞች አልጠሩትም፤ እሱም አልሄደም። ሽታዬ ብቻ ቤት ሲገባ እግሩን የሚታጠብበት ውኃ አቀረበችለት።

ማናለብሽ ወደ መቃብሩ መሄድ ጀመረች። የቦራውንም ሥራ ራሷ ያዘችው። የደርበው አጥር ከእሷ ማሳ ፊት ለፊት ነው፤ መሐላቸው ወንዝ አለ። በየጠዋቱ ግንዶቹን ስታሻግረው፣ ወደ ኋላ ስታስኬደው ያያታል። ጥሩ አድርጋ ነው የምትሠራው። ነሐሴ ላይ ግን ዳገቱን በአቋራጩ፣ በቀጥታው ማውጣት ጀመረች። ፈረሱ ጭንቅላቱን ወደ ላይ ወርውሮ፣ ጀርባውን ወደ ታች አስርጎ፣ በፊት እግሩ እየቧጠጠ ይወጣል። ደርበው አጥሩን ይዞ አፉን ከፈተ። ወንዙ ሞልቶ ይጮኻል፤ ቢጣራ ግን ይሰማ ነበር። አልተጣራም። በሦስተኛው ቀን ኔትወርክ የሚገኝበት ጉብታ ላይ ወጥቶ ለናርዶስ ደወለላት።

«በአቋራጩ እያወጣችው ነው። በረዥሙ ትዙር በያት። እኔ እንዳልኩሽ ግን አትንገሪያት።»

«እሺ ጋሼ» አለችው።

ከአራት ቀን በኋላ መልሳ ደወለች።

«ነገርኳት። ‘በምን አወቅሽ?’ አለችኝ። ስመጣ አየሁ ብዬ ዋሸኋት።»

«አመነችሽ?»

«አላመነችኝም። ግን እሺ ብላለች።»

በማግስቱ ደርበው ማልዶ አጥሩ ጋ ቆመ። ፀሐይዋ ከደመናው ሥር ወጥታ ማሳውን ስታበራ ማናለብሽ ፈረሱን እየመራች ብቅ አለች። ጀርባው ሞልቷል፣ ቀጥ ብሏል። ዳገቱ ሥር ስትደርስ ቆመችና በወንዙ ማዶ ወዳለው አጥር አንዴ ተመለከተች። ከዚያ ቦራውን አዙራ በቤቷ ጀርባ ወዳለው ሌላ ተዳፋት ወሰደችው። እሱ ለስላሳ ነው፣ ረዥምም ነው። ከደርበው አጥር ግን አይታይም።