የእማማ ካርሲናህ ወንበር

ለሚመለከተው ሁሉ ይታወቅ ዘንድ፦ ቅዳሜ ጠዋት እማማ ካርሲናህ በምራታቸው በዋርቲኒ ሱቅ ደጃፍ፣ በሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

በደንብ ተቀምጠዋል ለማለት ግን ያስቸግራል። የወንበሩን የቀኝ ክንድ ዋርቲኒ፣ የግራውን ደግሞ ሌላዋ ምራታቸው ሱሚራህ ጨምድደው ስለያዙት፣ አሮጊቷ መሬት ላይ ይሁኑ አየር ላይ በውል አልለየም።

"ልቀቂ አልኩሽ! ሳምንቱ የኔ ነው!" አለች ዋርቲኒ።

"የዒዱን ሳምንት ማን ወሰዳቸው? አንቺ! ስለዚህ ይሄኛው ለኔ ይካካሳል። ሒሳብ አልተማርኩም እንጂ ደደብ አይደለሁም።"

"ሁለቱንም ነሽ።"

"እሰይ፣ እትዬ! የታላቅ ወንድም ሚስት አፍ እንዲህ ማር ሲሆን ደስ ይላል።"

"ብወድቅ የትኛችሁ ናችሁ የምታነሱኝ?" አሉ እማማ ካርሲናህ።

ሁለቱም የያዙትን ክንድ ይበልጥ አጠበቁት። ጥያቄው ግን ከባድ ነበር።

የሁለቱ ሴቶች ባሎች ወንድማማች ናቸው። በአንድ ጀልባ ዓሣ ያጠምዳሉ፤ በወር አንዴ ብቅ ይሉና ጠቡን ሰምተው ወደ ባሕሩ ይመለሳሉ። ማዕበል የሚያስፈራው ሚስት የሌለውን ሰው ነው ይባላል በእኛ ሰፈር። ሱቆቹ አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። ሁለቱም የሚሸጡት ክሩፑክ ነው፤ ያው ሽሪምፕ ያለበት፣ ዘይት ሲነካው ተቆጥቶ የሚያብጥ ቅጠል መሳይ ነገር። ድሮ ከሱራባያ ወደ ሰማራንግ የሚያልፈው መኪና ሁሉ እዚህ ይቆም ነበር። አዲሱ የክፍያ መንገድ ከተከፈተ ወዲህ መኪናው በሩዝ ማሳው ማዶ ያልፋል፤ ለእኛ የተረፈን ድምፁ ነው።

በዚያን ጊዜ እማማ ካርሲናህን የሚሻማቸው አልነበረም። "ተራው ያንቺ ነው" ይባባሉ ነበር በግድግዳው ላይ። አሮጊቷ ያንኮራፋሉ፤ ሩዛቸው ካልላመ አይበሉም፤ ቴሌቪዥኑን ያስጮኻሉ። እርሳቸውም፣ "በቃ፣ አውቶቡስ ተርሚናል ያለችው ጓደኛዬ ሳሪየም ጋ ውሰዱኝ። ምግብ ቤቷ ጀርባ አንድ ክፍል አላት፤ ነይ ነይ ካለችኝ ስንት ዘመኗ" እያሉ ይለምናሉ። ምራቶቹ በሕይወታቸው አንድ ሐሳብ ላይ የተስማሙት በዚህ ብቻ ነው። "ሰው ምን ይለናል!" አሉ ሁለቱም።

ኋላ ሥልጠናው መጣ። ክራባት ያሰረ አንድ ወጣት በወረዳው አዳራሽ ትንንሽ ነጋዴዎችን ሰብስቦ፣ "ሰው ክሩፑክ አይገዛም፤ ታሪክ ነው የሚገዛው" አለ። "የደንበኛውን ልብ ያዙ፣ ኪሱ ራሱ ተከትሎ ይመጣል። እናት አላችሁ? አያት አላችሁ? ድህነት አላችሁ? እንግዲያው ሀብታሞች ናችሁ!" ዋርቲኒና ሱሚራህ በአንድ አግዳሚ ወንበር ጫፍና ጫፍ ተቀምጠው፣ ጀርባ ለጀርባ ተሰጣጥተው አዳመጡት። ከሥልጠናው ሲወጡ ሁለቱም አንድ ዓይነት ሐሳብ ይዘው ወጡ። ያላቸው አማት አንድ ስለሆነች ምርጫ አልነበራቸውም።

በዋርቲኒ ታሪክ፣ እማማ ካርሲናህ ባላቸውን ማዕበል ከወሰደባቸው በኋላ በእጃቸው ሽሪምፕ እየወቀጡ ሰባት ልጆች አሳደጉ፤ የክሩፑኩም ጨው የእንባቸው ነው። በሱሚራህ ታሪክ ልጆቹ ዘጠኝ ናቸው። እንባው ያው ነው። በእውን የወለዱት ሁለት ነው፤ ሁለቱም ጀልባ ላይ ናቸው፤ ያልተወለዱት አምስትም ሆኑ ሰባት ቅሬታ አላቀረቡም። ዋርቲኒ ከቆራሌው የድንጋይ ሙቀጫ ገዝታ በእማማ ጉልበት መሐል አስቀመጠች። ሱሚራህ ደግሞ በእርሷ ሳምንት ራሳቸው ላይ ያረጀ ሻሽ አሰረችላቸው፤ አዲሱን ግን ራሷ ነች የምታደርገው። የዋርቲኒ ሳምንት ሲደርስም ሻሹ አይፈታም። ዘወትር ዓርብ፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ፣ አሮጊቷ ከነጓዛቸው ጥቅል በግድግዳው ዙሪያ ይተላለፋሉ።

እንግዲህ በዚህ ቅዳሜ የአንድ አስጎብኚ ድርጅት ሰው፣ ጋሽ ዳርማጂ፣ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ይዤ እመጣለሁ ብሎ ለሁለቱም ደውሏል። ድርጅቱ አንድ ሱቅ ይመርጣል፤ ከዚያ በኋላ አውቶቡሱ በየሳምንቱ የሚቆመው እዚያ ብቻ ነው። ዋርቲኒ ይህን ካጣች ከዝናቡ በፊት ሱቋን ዘግታ ወደቡ ላይ የሰው ዓሣ ልትገፍፍ ነው። ሱሚራህ ደግሞ ገና ካሁኑ፣ "አይዞሽ እትዬ፣ ስትዘጊ ግድግዳውን አፍርሼ አሰፋዋለሁ፤ ቤቱ ባዶ አይሆንም" ብላታለች።

ስለዚህ የወንበሩን ክንድ የሚለቅ አልነበረም።

አውቶቡሱ ጥሩንባውን ሲነፋ ወንበሩ የደረሰው በሁለቱ ሱቆች ልክ ድንበር ላይ ነበር። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ለቀቁትና ፈገግ አሉ። እማማ ካርሲናህ ከነሙቀጫቸው የጋራው ግድግዳ ጫፍ ላይ ቀሩ።

ከአውቶቡሱ የወረዱት የከተማ እመቤቶች ነበሩ፤ ስልካቸውን አስቀድመው እነርሱ ይከተላሉ። ከጀርባው መንደር የሠርግ ሙዚቃ ያጓራል፤ የኋላውን መንገድ የሙሽራዋ ቤተሰብ ከዳር እስከ ዳር ድንኳን ተክሎበታል።

"እኚህ ናቸው!" አለች ዋርቲኒ፣ በመሐረብ ዓይኗን እየነካካች። "ባላቸውን ባሕር በልቶባቸው…"

"ዘጠኝ ልጅ ታቅፈው!" አለች ሱሚራህ ከወዲያ።

"ሰባት።"

"ሁለቱ በረሃብ የሞቱትን እትዬ አትቆጥራቸውም፤ ልቧ ስለማይችል ነው።"

እመቤቶቹ "ውይ፣ ውይ" አሉ። ቢጫ ሻሽ ያሰረች አንዷ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ስልኳን ወደ ራሷ አዙራ እንባውን ቀረጸችው። ጋሽ ዳርማጂ ፊቱን አላጠቆረም። ከዋርቲኒ ሱቅ ያለው ሰው በዛ ያለ ይመስል ነበር። ቢጫ ሻሽ ያሰረችው ሴት አምስት ፌስታል አንስታ፣ "ለጎረቤቶቼ በእጅ የተወቀጠ ነው እላቸዋለሁ" ስትል ዋርቲኒ በጎን ወደ ግድግዳው ቃኘች። ግድግዳው የሚፈርሰው ከየት በኩል እንደሆነ በዓይነ ሕሊናዋ ታያት።

ያኔ ነው የጭነት መኪናው የመጣው።

ይህ መኪና ዘወትር በኋላው መንገድ፣ ጎህ ሳይቀድ ይመጣል። ዛሬ ግን ድንኳኑ ዘጋበት። ሾፌሩ ጊያርቶ ቅን ሰው ነው፤ ቅንነት ደግሞ ሰዓት አያውቅም። መኪናውን ከአውቶቡሱ ጎን አቁሞ ራሱን በመስኮት አወጣ።

"እትዬ ዋርቲኒ! ጓሮው በድንኳን ታጥሯል፤ በፊት ለፊት ላራግፈው?"

ዋርቲኒ በዓይኗ ሂድ አለችው። በቅንድቧ አለችው። በመጨረሻ በመላ ሰውነቷ አለችው።

"እሺ!" አለ ጊያርቶ፣ ወርዶ የኋላውን መዝጊያ እየከፈተ። "ግማሹ ለእርስዎ፣ ግማሹ ለእትዬ ሱሚራህ፣ እንደ ሁልጊዜው። አለቃዬ ሽሪምፕ ስለተወደደ ዱቄቱን ጨምረንበታል፣ ይቅርታ በልልኝ ብሎኛል።"

ጆንያዎቹ አንድ በአንድ ወረዱ። የፋብሪካው ስም በትልልቅ ቀይ ፊደል ተጽፎባቸዋል። አንዱ ጆንያ ከማዕዘኑ ተቀዶ ነበርና ጥሬው ክሩፑክ እንደ ሳንቲም እየተንከባለለ ከእማማ ካርሲናህ እግር ሥር ሄደ።

ባለቢጫ ሻሽዋ ስልኳን ከእንባዋ ወደ ጆንያዎቹ አዞረች።

"ታዲያ እማማ…" አለች ባለቢጫ ሻሽዋ፣ "እርስዎ የሚወቅጡት ምንድን ነው?"

እማማ ካርሲናህ ሙቀጫውን ገልብጠው ውስጡን አዩት። የሸረሪት ድር አለበት።

"እኔ ምን እወቅጣለሁ፣ ልጄ? ሽሪምፕ ከቀመስኩ ሙሉ ቀን ሳክክ ነው የምውለው። እኔ ተርሚናል ላይ ትኬት ቆራጭ ነበርኩ።"

ባለቢጫ ሻሽዋ አምስቱን ፌስታል አየች። ከአምስቱ አንዱን መለሰች፤ አራቱን ያዘች። ጎረቤቶቿ ጆንያውን አላዩትም።

ጋሽ ዳርማጂ ሁለቱን ሴቶች ወደ ዳር ጠራቸው። "ፋብሪካውን እኔም አውቀዋለሁ፤ ከዚህ እስከ ሰማራንግ ከእርሱ የማያመጣ የለም" አላቸው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ሰው ግን በጓሮ ነው የሚያስገባው። አሁን ሴትየዋ ቀርጻዋለች። አውቶቡሱ እዚህ አይቆምም፤ የሚቀጥለው ከተማ አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ አላቸው አሉ።"

"እውነት ዓይነ ስውር ናቸው?" አለች ሱሚራህ።

"ቅዳሜ ቅዳሜ" አለ ጋሽ ዳርማጂ፣ ሄደም።

እመቤቶቹ ወደ አውቶቡሱ መግባት ጀመሩ። ዋርቲኒ ቀስ ብላ ወደ ሱሚራህ ዞረች።

"በይ፣ አማትሽን አስገቢ። ፀሐይ ላይ ናቸው።"

"የኔን? ሳምንቱ የኔ ነው ብለሽ ስትጎትቺኝ አልነበር?"

"የዒዱን ሳምንት ወስጄ የለ? ይካካሳል ያልሽው ራስሽ ነሽ።"

"ሒሳብ አልተማርኩም ብዬሻለሁ! የታላቁ ልጅ ቤት እያለ እናት ከታናሹ ዘንድ አታድርም፤ ወግ ነው።"

"ዛሬ ነው ወግ የመጣብሽ?"

"ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማናል!"

ሰው ሰምቷል። የአውቶቡሱ መስኮቶች ሁሉ ክፍት ነበሩ። ከሁሉ ይልቅ ግን የሰሙት ወንበሩ ላይ ያሉት ናቸው። እማማ ካርሲናህ ሙቀጫውን መሬት አስቀመጡ፤ አሮጌውን ሻሽ ፈቱና አጥፈው ሙቀጫው ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ተነሥተው፣ ማንም ሳይደግፋቸው፣ ወደ አውቶቡሱ ሄዱ።

"በተርሚናል ታልፋለህ?" አሉት ሾፌሩን።

"አልፋለሁ፣ እማማ። ልደግፍዎት?"

"አንተ መሪህን ያዝ። ይሄ ደረጃ የኔ ነው።" ወጡና መተላለፊያው ላይ ቆመው እጃቸውን አጨበጨቡ። "ወደ ኋላ ጠጋ ጠጋ! ሰው እንደ ዕቃ አይደለም፤ ይታጠፋል! አንቺ ባለቢጫ፣ ቦርሳሽ ከፍሏል? ካልከፈለ ጭንሽ ላይ!"

አውቶቡሱ በሳቅ ተናጋ። ባለቢጫ ሻሽዋ ቦርሳዋን አንሥታ የፊተኛውን ቦታ ለቀቀችላቸው።

"እማማ!" ብላ ጮኸች ዋርቲኒ። "ወዴት ነው? ሰው ምን ይለናል?"

ሱሚራህ አልጮኸችም። ወደ ዋርቲኒ ሱቅ ሮጣ ገብታ የአማቷን ጓዝ ይዛ ወጣች። ከትናንት ዓርብ ጀምሮ እንደታሰረ ነበር። በመስኮት አቀበለቻቸው፤ እማማ ካርሲናህ ንግግራቸውን ሳያቋርጡ ተቀበሉ።

"…ባሕር? የምን ባሕር! ባሌ ዋና አይችልም፣ ውኃ ሲያይ ይሸሻል። ፀጉሩን ሲስተካከል ነው የሞተው፤ ግማሹ ተላጭቶ፣ ግማሹ ሳይላጭ። አስተካካዩ ሙሉውን ክፈዪኝ ብሎ አስከሬኑ ላይ ቆመ። እኔ ምን አልኩት መሰላችሁ…"

እመቤቶቹ ከወንበራቸው ተነሥተው ወደ ፊት ተንጠራሩ። ጋሽ ዳርማጂ ስልኩን ቀስ ብሎ አወጣ። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሥቶ ነበር፤ መልሱን ሳይሰማ መንዳት ስላቃተው መልሶ አጠፋው። ዋርቲኒ እዚያው መስኮቱ ሥር ቆማ ሰማች። ሳቋ ሲያመልጣት አፏን በመሐረቡ አፈነች። በአሥራ ምናምን ዓመት ውስጥ ስለዚያ ሰው አሟሟት ጠይቃቸው አታውቅም።

በመጨረሻ አውቶቡሱ ሄደ። በኋላው መስታወት እጅ ሲወናጨፍ፣ ጭንቅላት ሲነቀነቅ ይታይ ነበር።

ሁለቱ ሴቶች ጆንያዎቹን ጎተቱ። የዋርቲኒን ወደ ዋርቲኒ፣ የሱሚራህን ወደ ሱሚራህ። የተንከባለለውን ጥሬ ክሩፑክ በመጥረጊያ ሰበሰቡት። ደጁ ንጹሕ ሆነ። ድንበሩ ላይ የቀረው ባዶው ሰማያዊ ወንበርና ሻሹን የያዘው ሙቀጫ ብቻ ነው።

በወደቡ በኩል አንዲት የቤት መኪና ብቅ አለች። የሌላ አውራጃ ሰሌዳ አላት። ሱቆቹን አይታ ፍጥነቷን ቀነሰች።

ዋርቲኒ መኪናዋን አየች። ወንበሩን አየች። ከሙቀጫው ውስጥ አሮጌውን ሻሽ አወጣችና አራግፋ ራሷ ላይ አሰረችው። ተቀመጠች። ሙቀጫውን በጉልበቷ መሐል አስገብታ ወገቧን አጎበጠች።

ሱሚራህ ልትሳደብ አፏን ከፈተች። መኪናዋ ቆመች፤ በሩ ተከፈተ።

ሱሚራህ አፏን ዘጋችና መጥታ የወንበሩን የግራ ክንድ ያዘች።